ቃሩ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ፤ መድኃኒት ብወስድ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?

ጥያቄ

«የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 30ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ቃር ያሠቃየኛል። ቀን ቀን እንደምንም እችለዋለሁ፤ ሌሊት ጋደም ስል ግን ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ጎምዛዛ ውሃም ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ምግብ ነው የሚያመጣብኝ ብዬ ብዙ ነገር ተውኩ፤ አሁን አሁን እራት መብላትም ፈርቻለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ እንድጠጣ ነግራኝ ስጠጣው ለጊዜው ያስታግስልኛል። እኅቴ ደግሞ ለራሷ ጨጓራ ታዞላት ከነበረው ኪኒን የተረፈውን ሰጥታኛለች፤ እስካሁን አልወሰድኩትም። አማቴ ‹ፀጉራም ልጅ ልትወልጂ ነው› እያሉ ያጽናኑኛል። ለመሆኑ ቃሩ ልጄን ይጎዳዋል? ልጄን ሳልጎዳ የምገላገልበት መንገድስ አለ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጣም ያስጨነቀዎትን ልመልስ። ቃሩ ልጅዎን አይጎዳውም። የሚያቃጥልዎት አሲድ ከጨጓራዎ ወደ ምግብ ቧንቧዎ የሚወጣ ሲሆን ወደ ማህፀን የሚደርስበት መንገድ የለውም። በእርግዝና ወቅት ከግማሽ የሚበልጡ ሴቶች በአንዱ ወይም በሌላው ወር ቃር ያጋጥማቸዋልና በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ ልዩ ነገር እንዳይመስልዎት። ብዙዎች ግን «የተለመደ ነው» የሚለውን ቃል «እስክትወልጂ ቻይው» ብለው ይተረጉሙታል፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በየሌሊቱ እየባነኑ አሥር ሳምንት ማሳለፍ ከማንም አይጠበቅም፤ ችግሩን የሚያቀሉ፣ ለፅንሱም የማያሰጉ መንገዶች አሉ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከቃሩ ይልቅ ያሳሰቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስሙ ያልተጠቀሰው ኪኒን፣ ቤኪንግ ሶዳውና የተፈራው እራት።

ኪኒኑን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው፤ አይውሰዱት። «የጨጓራ መድኃኒት» እየተባሉ በአንድ ስም የሚጠሩት መድኃኒቶች በአሠራራቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለነፍሰ ጡር ሴት የሚታዘዙ አሉ። በሌላ በኩል ሚሶፕሮስቶል የሚባለው መድኃኒት የጨጓራ ቁስልን ለመከላከል የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ማህፀንን የሚያኮማትር በመሆኑ ፅንስ ሊያስወርድ ወይም ምጥን ያለጊዜው ሊያስጀምር ይችላል፤ ይኸው መድኃኒት ዳይክሎፌናክ ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር በአንድ ኪኒን ተዋህዶ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። እኅትዎ የሰጠችዎት ይህ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምንም የማያሰጋ ኪኒን ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ለእሷ ሲታዘዝ ሐኪሟ እርጉዝ አለመሆኗን አስቦ ነው ያዘዘላት። ስሙ የተጻፈበት ማሸጊያ ካለ ይዘውት ወደ ቀጣዩ ክትትልዎ ይሂዱና ያሳዩት፤ ማሸጊያው ከሌለ ምን እንደሆነ ለመገመት አይሞክሩ፣ አይዋጡትም።

ቤኪንግ ሶዳው ለጊዜው ማስታገሱ እውነት ነው፤ አሲድን የሚያከሽፍ ነገር ነውና። ሆኖም አሲዱን ሲያከሽፍ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ጨጓራን ይነፋል፣ ሲያገሱም አሲዱን ይዞት ይወጣል፤ ከዚህ የተነሳ ጥቂት ቆይቶ ቃሩ ተመልሶ ቢመጣ አያስገርምም። ከዚህ የሚከፋው ግን በውስጡ ያለው የሶዲየም ብዛት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ ሰው በቀን ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን የሚመክር ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ በጥብጠው ሲጠጡ ምንም ሳይበሉ ልኩን አልፈዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው የሶዲየም መጠን በሰውነት ውስጥ ውሃ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ በብዛት ሲወሰድም የደምን የአሲድ ሚዛን ያዛባል። በዚህ ምክንያት በእርግዝና ጊዜ ለቃር ከማይመከሩት ነገሮች አንዱ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቢተዉት ጥሩ ነው።

እራትዎን መፍራትዎ ይገባኛል፤ መዝለሉ ግን መፍትሔ አይሆንም። ጨጓራ ባዶ ሲሆንም አሲድ ማመንጨቱን ጨርሶ አያቆምም፤ ብዙ ሰዓት ተርበው ከቆዩ በኋላ በአንድ ጊዜ አብዝተው ሲበሉ ደግሞ ቃሩ ይብሳል። ልጅዎም ክብደት በብዛት የሚጨምርበት ወቅት ላይ ነው። ስለዚህ እራቱ ይኑር፤ የሚለወጠው ሰዓቱና መጠኑ ነው።

ቃር በእርግዝና ጊዜ ለምን እንደሚበረታ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱን ማወቅ የትኛው ምክር ለእርስዎ እንደሚጠቅም ለመለየት ይረዳልና። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የከበበ ጡንቻ አለ፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል። በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ማህፀን ያለጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን ያላላል፤ ሥራው ግን በማህፀን ብቻ ስለማይወሰን ይህንንም ቀለበት ያላላዋል። አንዳንድ ሴቶች ሆዳቸው ገና ሳይገፋ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቃር የሚጀምራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ማህፀኑ ራሱ ይጨመርበታል። እርስዎ ባሉበት ሳምንት የማህፀኑ የላይኛው ክፍል እምብርትን አልፎ ወጥቷል፣ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ የጎድን አጥንት ሥር ይደርሳል፤ ጨጓራም ቦታ አጥቶ ወደ ላይ ይገፋል። በአንድ በኩል በሩ ላልቷል፣ በሌላ በኩል ከታች ግፊት አለ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የልጁ ጭንቅላት ወደ ዳሌ ሲወርድ ብዙዎች ቃሩ ቀለል እንዳለላቸው የሚናገሩት ይህ ግፊት ስለሚቀንስ ነው።

ሌሊት የሚብስበት ምክንያት ሁለት ነው። ቀን ቆመው ወይም ተቀምጠው ሳሉ ወደ ላይ የወጣው አሲድ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል፤ በተኙ ጊዜ ግን ጨጓራና የምግብ ቧንቧ አግድም ስለሚሆኑ የሚመልሰው ነገር የለም። ሁለተኛው ምራቅ ነው። ምራቅ አሲድን የሚያለዝብ ባይካርቦኔት አለው፤ ነቅተን ሳለን ሳናስተውለው ደጋግመን እየዋጥነው የምግብ ቧንቧን ያጥባል፤ እንቅልፍ ሲወስደን የምራቁም መጠን የመዋጡም ብዛት እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌሊት የወጣው ጥቂት አሲድ ቀን ከወጣው ብዙ አሲድ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያቃጥላል።

በዚህ ምክንያት የእኔ ምክር ከምግብ ዝርዝር አይጀምርም። ቃርዎ በዋናነት የሌሊት ስለሆነ ትልቁን ለውጥ የሚያመጡት የእራትዎ ሰዓትና የአልጋዎ ሁኔታ ናቸው፤ የምግቡ ዓይነት ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው፣ የሚወዱትን ምግብ ሁሉ ከተዉ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው በልተው በጀርባቸው ይጋደማሉ።

እራትዎን ከመኝታዎ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀደም አድርገው ይብሉ፤ መጠኑም ትንሽ ይሁን። የቀኑ ዋና ምግብ ወደ ምሳ ሰዓት ይዛወር፤ ቀሪውን ደግሞ በአምስት ወይም በስድስት ትንንሽ ማዕድ ከፋፍለው ቀኑን ሙሉ ያዳርሱት። በተገፋ ጨጓራ ውስጥ ብዛት ያለው ማንኛውም ምግብ፣ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ለመተኛት ሲሉ ርሃብ ከተሰማዎት ቅባት የሌለው ጥቂት ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ቁራሽ ዳቦ ወይም ግማሽ ሙዝ፣ ተቀምጠው ይቅመሱና ወዲያው አይጋደሙ። ውሃ መቀነስ የለብዎትም፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር በአንድ ትንፋሽ ከሚጨልጡት በማዕዶቹ መካከል ጥቂት በጥቂት ቢጠጡት ይሻላል።

ከበሉ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓትም ትኩረት ይፈልጋል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም በዝግታ ይራመዱ፤ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ወይም ጎበጥ ብሎ መቀመጥ ሆድን በመጭመቅ መተኛትን ያህል ይጎዳል። ዕቃ ከመሬት የሚያነሱ ከሆነ ወገብዎን አጥፈው አያጎንብሱ፤ አንድ እጅዎን ጠንካራ ነገር ላይ አሳርፈው ከጉልበትዎ በርከክ ይበሉ። ማስቲካ ማኘክ ምራቅን ስለሚያበዛ ለዚች ሰዓት ይጠቅማል፤ የሚንት ጣዕም ያለውን ግን አይምረጡ፤ ሚንት ያንን የላላ ቀለበት ይበልጥ ያላላዋል። ወገብ ላይ የሚያጠብቅ ልብስም በዚሁ ምክንያት ይቅርብዎት።

ወደ አልጋው ልመለስ። አብዛኛው ሰው ቃር ሲብስበት ትራስ ይደራርባል። ሁለትና ሦስት ትራስ ጭንቅላትንና አንገትን ያነሣ እንደሆነ እንጂ ደረትን አያነሣም፤ እንዲያውም ሰውነት ከወገብ ላይ ስለሚታጠፍ ሆድ ይጨመቅና ነገሩ ይባባሳል። የሚፈለገው ከወገብ በላይ ያለው አካልዎ በሙሉ ወጥ በሆነ ዝቅተኛ ተዳፋት ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህን ለማግኘት ጥሩው መንገድ በራስጌ በኩል ካሉት ሁለት የአልጋ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ እንጨት ማስገባት ነው። እንጨቱ ከአልጋው እግር ሰፋ ያለ፣ የማይንሸራተት መሆን አለበት፤ ቢቻል እግሩ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ይበጅለት፤ አልጋውንም እርስዎ አያንሡት፣ ሌላ ሰው ያንሣው። አልጋው የማይነሣ ዓይነት ከሆነ ብርድ ልብሶችን አጥፎ ከፍራሹ ሥር፣ ከወገብ ጀምሮ እስከ ራስጌ ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል አድርጎ መደርደር ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ግርጌ የመንሸራተት ስሜት ይኖራል፤ ጉልበት ሥር የሚደረግ ቀጭን ትራስ ይህን ያግዳል።

ሲተኙ በግራ ጎንዎ ይሁን። በግራ ጎን ሲተኙ የጨጓራው ሰፊ ክፍል ወደ ታች ስለሚሆን አሲዱ ከምግብ ቧንቧው መግቢያ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በቀኝ ጎን ሲሆን ግን መግቢያው ራሱ አሲዱ ውስጥ ይጠልቃል። ለፅንሱ ደኅንነት ሲባል ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት ስለሚመከር አንዱ አተኛኘት ለሁለት ጉዳይ ይበጅዎታል። ሌሊት ነቅተው ራስዎን በጀርባዎ ተኝተው ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ተገላብጠው ይተኙ፣ በቂ ነው።

አሁን ስለ ምግብ ዓይነት። ለሁሉም ሴት የሚሠራ የክልከላ ዝርዝር የለም፤ እንዳለ አድርገው የሚናገሩትንም ብዙ አልወድላቸውም፤ ነፍሰ ጡርን ያለምክንያት ያስርባሉና። በጥቅሉ የምናውቀው ይህ ነው። ቅባት የበዛበትና የተጠበሰ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ቸኮሌት፣ ቡናና ሚንት የጡንቻውን ቀለበት ያላላሉ፤ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና የሚያቃጥል ቅመም ደግሞ ቀድሞ የተቆጣውን የምግብ ቧንቧ ይለበልቡታል። ይሁንና ከእነዚህ አንዱ እርስዎን ይጎዳ እንደሆነ የሚያውቀው የእርስዎ ሰውነት ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓትና ቃሩ የመጣበትን ሰዓት በማስታወሻ ይያዙ። አንድ ምግብ በተደጋጋሚ ከቃሩ በፊት የሚገኝ ከሆነ እሱን ብቻ ለጥቂት ቀናት ትተው ይሞክሩ፤ ለውጥ ካላዩ ወደ ማዕድዎ ይመልሱት። እስካሁን በጅምላ የተዉትንም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ እየመለሱ ይፈትኑት፤ ግማሹ ያለበደሉ የታሰረ ሆኖ ቢያገኙት አይገርመኝም። ቡናን በተመለከተ ቃር ባይኖርብዎትም በእርግዝና ጊዜ የቀኑ ካፌይን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ሲጋራና አልኮል ለቃሩም ለፅንሱም የማይሆኑ መሆናቸውን መድገም አያስፈልገኝም።

ወተት ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ ለብቻው ላንሣው። ሲጠጡት የምግብ ቧንቧን አጥቦ ስለሚያልፍ ወዲያው እፎይ ያሰኛል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋው ብዙ ወተት ጠጥቶ መተኛት ከሰዓታት በኋላ ሊያባንን ይችላል። ከወደዱት ቅባቱ የተቀነሰውን በጥቂቱ፣ ቀደም ባለ ሰዓት ይጠጡት።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሞክረው ሌሊቱ ካልቀለለዎት መድኃኒት መውሰድ አያሳፍርም፣ ልጅዎንም መበደል አይደለም። ስለ መድኃኒት ያለዎት ፍርሃት በብዙ ነፍሰ ጡሮች ዘንድ ያለ ነው፤ ጥንቃቄው መልካም ሆኖ ሳለ ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ዓይን ማየቱ ግን ያለጥቅም ያሠቃያል። በቅድሚያ የሚመረጡት አሲድን የሚያከሽፉት፣ በተለምዶ አንታሲድ የሚባሉት ናቸው፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ወይም የማግኒዚየምና የአሉሚኒየም ቅልቅል ሆነው በሚታኘክ ኪኒን ወይም በፈሳሽ መልክ ይገኛሉ። አልጂኔት ያለባቸው ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል ሽፋን ይሠራሉ፤ እንደ እርስዎ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮ ድረስ ለሚመጣባት ሴት እነዚህን አስቀድማለሁ። የሚወሰዱት ከምግብ በኋላና ለመኝታ ሲሉ ነው። የሚታኘከውን ኪኒን በደንብ አድቅቀው ይዋጡት፤ ሙሉውን ከዋጡት ሥራውን ለመጀመር ይዘገያል።

ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካልሲየም ካርቦኔት የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ይችላል፤ ማግኒዚየም በተቃራኒው ሆድን ያላላል፤ ስለዚህ ምርጫው እርስዎ ባለዎት ችግር ላይ ይመሠረታል። 500 ሚሊ ግራም የሚመዝን አንድ የካልሲየም ካርቦኔት ኪኒን 200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ከምግብ፣ ለእርግዝና ከሚሰጥዎት ኪኒንና ከአንታሲዱ የሚገኘው ካልሲየም ተደምሮ በቀን ከ2,500 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ኩላሊትን የሚጎዳ የካልሲየም መብዛት ሊያስከትል ይችላል። እንደ ከረሜላ ደጋግሞ መቆርጠም የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት (ይህ ቤኪንግ ሶዳው ራሱ ነው)፣ አስፕሪን ወይም ቢስመዝ ሳብሳሊሲሌት የሚል ካዩ ያን መድኃኒት ይተዉት፤ ውሃ ውስጥ ሲጨመሩ ከሚፈሉት የጨጓራ ኪኒኖች አንዳንዶቹ አስፕሪን አለባቸው።

የአይረን ኪኒን እየወሰዱ ከሆነ አንታሲድና አይረን በአንድ ጊዜ አይዋጡ፤ አንታሲዱ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርግ በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ለምትወስድ ሴት ደግሞ ልዩነቱ አራት ሰዓት ነው። አይረን ራሱ ጨጓራን የሚቆጣበት ጊዜ አለ፤ ቃሩ የጀመረዎት አይረኑን ከጀመሩ በኋላ መሆኑን ካስተዋሉ በራስዎ አያቁሙት፤ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን መቀየር ስለሚቻል ለሚከታተልዎት ባለሙያ ይንገሩ። ስለ ሕመም ማስታገሻም አንድ ነገር፦ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ከማስቆጣታቸው በላይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ለፅንሱም ስለሚያሰጉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ሐኪምዎ በዝቅተኛ መጠን አስፕሪን አዞልዎት ከሆነ ግን ያ ለሌላ ዓላማ ነውና በቃሩ ሰበብ አያቋርጡት።

አንታሲድ ካልበቃ ሐኪም የአሲዱን መመንጨት የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ያዝዛል። ፋሞቲዲን አንዱ ነው፤ ከዚያ የሚበረታው ኦሜፕራዞል ነው። ስለ ኦሜፕራዞልና ስለ መሰሎቹ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዴንማርክ የወጣው፣ ወደ 841,000 የሚጠጉ ልደቶችን መዝግቦ መድኃኒቶቹ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሲወሰዱ በልጁ አፈጣጠር ላይ የሚደርስ ጉድለትን ጎልቶ እንደማይጨምሩ አሳይቷል። አካላቱ በአብዛኛው ተሠርተው ባለቁበት በእርስዎ ሳምንት ደግሞ ይህ ስጋት ይበልጥ ይርቃል። ራኒቲዲን የሚባለውን ግን፣ ከቀድሞ የተረፈ ቤት ውስጥ ቢገኝ እንኳ፣ አይጠቀሙበት፤ በውስጡ በጊዜ ብዛት ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር ስለሚፈጠር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ከገበያ እንዲነሣ አድርጎታል።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው ችግርዎ ቃር ብቻ ከሆነ ነው፤ ቃር የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉና ይህችን ክፍል በጥሞና ያንብቧት። ቃር ከደረት መሐል ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ማቃጠል ነው፤ ቀና ብለው ሲቀመጡ ወይም አንታሲድ ሲወስዱ ጥቂትም ቢሆን ይለዝባል። ከጎድን አጥንት ሥር፣ በተለይ በቀኝ በኩል ወይም ከእንብርት በላይ መሐል ላይ የሚሰማ፣ በመቀመጥም በአንታሲድም የማይለወጥ ጽኑ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ከእሱ ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መታየት፣ ማስመለስ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ቢመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ አደገኛ የእርግዝና ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ነጋ አልነጋ ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በሕመሙ ምክንያት ጉበት ሲጎዳ ሕመሙ «ጨጓራዬን አመመኝ» በሚያሰኝ ቦታ ላይ ስለሚሰማ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ አንዱ ምልክት ነው፤ በየክትትሉ የሚለካው በከንቱ አይደለምና ቀጠሮዎን አያሳልፉ።

በተመሳሳይ ሁኔታ ደም ካስመለሱ፣ ምግብ ሲውጡ ከተያዘብዎት ወይም ካመመዎት፣ ክብደትዎ እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ፤ አይረን የሚወስዱ ሴቶች ሰገራ መጥቆሩ የታወቀ ነው፤ ባለሙያው እንዲለየው ኪኒኑን እንደሚወስዱ ይንገሩት። ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ደግሞ የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ለአንታሲድ ጊዜ አይስጡት።

ስለ አማትዎ አባባል ሳልመልስ እንዳላልፍ። ይህ አባባል በብዙ አገር ያለ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች 64 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው ፈትነውታል። መካከለኛ ወይም ከባድ ቃር ከነበረባቸው 28 ሴቶች 23ቱ የወለዱት ልጅ ፀጉሩ አማካይ ወይም ከአማካይ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ግምት ቀለበቱን የሚያላሉት ሆርሞኖች የፅንሱን ፀጉር እድገትም ሳይነኩ አይቀሩም የሚል ነው። 64 ሴት ጥቂት ስለሆነ ማስረጃው ጠንካራ ነው አልልም፤ ያም ሆኖ አማትዎ ያሉት እንደ ተረት የሚጣል አይደለም። ፀጉሩ ጉሮሮን እየነካ ነው የሚያቃጥለው የሚሉ ካሉ ግን ያ ስሕተት ነው።

ለቀጣዩ ክትትልዎ የያዙትን የአንድ ሳምንት ማስታወሻ፣ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉና የእኅትዎን ኪኒን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ከእርግዝና በፊትም ቃር ወይም የጨጓራ ቁስል ኖሮብዎት ከሆነ መናገርዎን አይርሱ፤ በደብዳቤዎ አልጠቀሱትም፣ መልሱ ግን የሚታዘዝልዎትን መድኃኒት ሊለውጠው ይችላል። ብዙዎቹ ሴቶች ከወለዱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቃሩ ይገላገላሉ፤ ሆርሞኑም ግፊቱም አብረው ይቀንሳሉና። ከወሊድ በኋላ ሳምንታት አልፈው ቃሩ ካልተወዎት ግን እርግዝናው ያመጣው ብቻ ላይሆን ስለሚችል ለምርመራ ይሂዱ፤ ጡት እያጠቡ መሆንዎን ከነገሯቸው ከማጥባት ጋር የሚስማማ መድኃኒት ማግኘት አይቸግርም።